ለሁለት ሞተር አንድ ሰንሰለት

ስልክ በሌሊት ሲጮህ እናት የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለፈው ጥር መጀመሪያ ከሌሊቱ ለ11 ሩብ ጉዳይ ላይ ስልኬ ጮኾ የልጄ ስም ሲበራ፣ እስካነሳው ድረስ ልቤ የት የት ደርሶ እንደተመለሰ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ገና "ሃሎ" ሳልል "እማዬ፣ ደህና ነኝ" አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። "ደህና ነኝ" ብሎ ዝም የሚል ልጅ ደህና እንዳልሆነ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል።

"ምን ሆንክ?"

"ሞተሩን ወሰዱት።"

"ያንተን?"

"አይ፣ የእሱን።"

እውነቱን ልናገርና "ተመስገን!" አልኩ። ያውም ጮክ ብዬ። ልጄ ሰምቷል፤ ጓደኛውም አጠገቡ ቆሞ ስለነበር ሳይሰማ የቀረ አይመስለኝም። በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች ጠባይ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ የራሴን ጠባይ ግን ያን ሌሊት አየሁት።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ልጄ 24 ዓመቱ ነው። ዲግሪውን ይዞ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ሲያጣ፣ እኔ በመሥሪያ ቤታችን እቁብ ዕጣ ቀድሞ እንዲደርሰኝ ለምኜ ሞተር ብስክሌት ገዛንና ዕቃ ማድረስ ጀመረ። ጓደኛው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮት የተማረ የሰፈራችን ልጅ ነው። የእሱን ሞተር የገዛችለት እናቱ ናት፤ ባሏ ካረፈ ወዲህ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች እያስረከበች፣ ግማሹን ቆጥባ ግማሹን ተበድራ። ሁለቱም ሞተሮች ለእንጀራ ናቸው ማለቴ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንዳንድ አንባቢ "ሞተር የጎረምሳ ነገር ነው" ብሎ ገጹን እንዳይገልጠው ነው።

ገና አልፎ ጥምቀት ሳይደርስ "አምስት ቀን እንረፍ" አሉና በሞተር አርባ ምንጭ ድረስ ሊሄዱ ተነሡ። የጓደኛው አክስት እዚያ ትኖራለች። በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በሻሸመኔ፣ ከዚያ በሃላባና በወላይታ ሶዶ አድርጎ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እኔ የፈራሁት አደጋውን ነበር፦ ሄልሜቱን፣ ፍጥነቱን፣ ሲኖትራኩን፣ አስፋልት ላይ የሚተኛውን ከብት። አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ሄልሜት ስጨቀጭቅ ስለ ሌባ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ስለ ሌባ ያሰቡት አባቴ ናቸው።

አባባ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። በ1960ዎቹ አሰላ፣ ብዙ ሰው "ካዱ" እያለ በሚያውቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ውስጥ ሲሠሩ፣ ከገበሬ ገበሬ የሚዞሩት በሞተር ነበር። የመሥሪያ ቤት ሞተር ስለሆነ ቢጠፋ ተጠያቂው እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ባደሩበት ሁሉ የካንዴላውን ቆብ ነቅለው ኪሳቸው ከትተው ይተኙ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልብሳቸውን ልታጥብ ኪሳቸውን ስትፈትሽ ያቺን ጥቁር ነገር እያወጣች "ይኼ ደግሞ ምንድነው?" ትል እንደነበር እስከ ዛሬ ያነሡታል።

ልጆቹ ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አባባ ሁለቱንም ቡና ላይ አስቀምጠው እንደ ፈታኝ ጠየቋቸው።

"ምሳ ስትበሉ ሞተሩ የት ነው?"

"ምግብ ቤቱ በር ላይ፣ አባባ።"

"በር ላይ ማለት ዓይናችሁ ሥር ነው ወይስ ጀርባችሁ?"

ልጆቹ ተያዩ። አባባ ቀጠሉ፦ "ወንበሩን የምትመርጡት ሞተሩን አይታችሁ ነው። ወንበር ከሌለ ቆማችሁ ብሉ።"

ከዚያ ስለ መቆለፊያ ተነሣ። ልጄ ቁልፉን አዙሮ መሪውን መቆለፍ ይበቃል ብሎ ያምን ነበር። እኔም እንደዚያው። አባባ ሣቁ። የመሪው መቆለፊያ ውስጡ አንዲት የብረት ጣት ናት፤ ጉልበት ያለው ሰው መሪውን በኃይል ሲገፋት ትሰበራለች። ባትሰበርም ግድ የለም፤ እነዚህ ለሥራ የምንገዛቸው ሞተሮች ከ100 እስከ 130 ኪሎ ቢመዝኑ ነው። ሁለት ጎረምሳ ወዲያና ወዲህ ይዞ ፒካፕ ላይ ያወጣቸዋል፤ መሪው ተቆለፈ አልተቆለፈ ለሌባው ለውጥ የለውም። "ተቆልፏል ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ከምን ጋር ታስሯል በሉ" አሉ አባባ።

በማግስቱ ልጄን ይዘው ምናለሽ ተራ ወረዱ። በዚያ ዕድሜያቸው መርካቶን እየተጋፉ፣ ቀለበቱ የጣት ያህል የሚወፍር ሁለት ሜትር ተኩል ሰንሰለትና አንድ ጠንካራ ጓጉንቸር ገዝተው መጡ። ማታ ደግሞ ሰንሰለቱን በአሮጌ ካላማዳሪያ ውስጥ አሳልፈው አለበሱት፤ የሞተሩን ቀለም እንዳይልጥና እንዳይንኳኳ። አምስት ኪሎ ይሆናል። ልጆቹ "ይኼን ድንጋይ ተሸክመን ነው የምንሄደው?" እያሉ ሲያንሾካሾኩ ሰምቻለሁ።

አስተሳሰራቸውን ግቢያችን ውስጥ አሳይተዋቸዋል። እኔም ስለማይረሳኝ እንደነገሩኝ ልጻፈው፤ የልጅ ልጃችሁ ሞተር ካለው ይጠቅማችኋል። ሰንሰለቱ የሚያልፈው በኋላ ጎማና በሻንሲው ውስጥ ነው። የፊት ጎማ ብቻ ከታሰረ በመፍቻ ይፈታና ጎማው ለእናንተ ይቀራል፣ ቀሪው ይሄዳል። ከዚያ ሰንሰለቱ የማይነቀል ነገር ይዞራል፤ የቤቱን የብረት ቋሚ ወይም ወፍራም ዛፍ። ሰንሰለቱ መሬት ላይ መዘርጋት የለበትም፤ መሬት ላይ ሲሆን ሌባው የብረት መቁረጫውን አንድ እጀታ መሬት አስደግፎ ሌላውን በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋል፣ ወይም በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። አየር ላይ ከተወጠረ ግን በክንዱ ጉልበት ብቻ መታገል አለበት። ጓጉንቸሩም አፉን ወደ ታች ይደፋል። ልጄ የፍሬን ዲስክ ላይ የሚገባውን ትንሽ ቁልፍ ጠይቆ ነበር፤ የእነሱ ሞተሮች ፍሬን ከበሮ ስለሆነ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም።

መጨረሻ ላይ አባባ አንድ ነገር ተናገሩ። "ቋሚ ብታጡ፣ ሁለቱን ሞተሮች እርስ በርስ እሰሯቸው። የአንዱን ፊት ከአንዱ ኋላ አድርጋችሁ ሻንሲን ከሻንሲ። ያንን ማንም በአንዴ በበር አያወጣውም።" ሰንሰለቱን ሁለት ሜትር ተኩል ያስደረጉት ለዚህ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ አልቀናቸውም። ከዝዋይ አለፍ እንዳሉ የጓደኛው የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ጎሚስታ እስኪያገኙ ሁለት ሰዓት ሄደ፤ "ያረጀ ጎማ ይዘህ ለምን ትወጣለህ" "አንተስ ምን ይዘሃል" ተባባሉ። ከሻሸመኔ ወዲያ ካለች ከተማ የደረሱት ጨለማ ለብሶ ነው፤ ተኳርፈው። መንገድ ዳር አንድ ፔንሲዮን አገኙ፤ ግቢው ታጥሯል፣ የብረት በር አለው፣ ዘበኛ አለው። ልጄ ሞተሩን የክፍላቸው በረንዳ ቋሚ ላይ አሰረው። ጓደኛው ግን እዚያው በሩ አጠገብ መሪውን ቆልፎ አቆመው። "ግቢ ውስጥ ነው፣ ዘበኛ አለ፤ ደግሞ ምን ሰንሰለት!" አለ። ልጄ ደግሞ "እንደ ፈለግህ" ብሎ ገባ።

እዚህ ላይ ነው ልጄ አሁንም ሲተርክ ድምፁ የሚወርደው። ሰንሰለቱ ይተርፍ ነበር። አሥር እርምጃ ገፍቶ አምጥቶ አብሮ ማሰር ብቻ ነበር የቀረው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ያደረ አይሱዙ ጭነት ይዞ ሊወጣ በሩ ተከፈተ። መንገድ ዳር ያለ ፔንሲዮን እንዲህ ነው፤ ሹፌሮች ሳይነጋ ስለሚነሡ በሩ በሌሊት ይከፈታል። ከመኪናው ኋላ አንድ ሰው ጃኬቱን ለብሶ፣ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ሞተር እየገፋ ወጣ። ዘበኛው እንግዳ መሰላቸው። "በሄልሜቱ አወቅኩት፤ ማታ ይዞት ሲገባ አይቻለሁ። እንዲያውም ደህና ግባ ብዬ ሸኘሁት" ብለዋል ሰውዬው በኋላ፣ እያለቀሱ። የጓደኛው ሄልሜት ሌሊቱን ያደረው መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሌባው የሞተሩን ብቻ ሳይሆን የባለቤቱንም መልክ ይዞ ወጣ ማለት ነው። ልጄን የቀሰቀሰው የአይሱዙው ድምፅ ነው። ብቅ ሲል የጓደኛው ቦታ ባዶ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ስነግረው ዘበኛውን ይረግማል። እኔ አልችልም። አንድ ሽማግሌ ሰው በአንድ ሌሊት ሠላሳ እንግዳ ሲገባና ሲወጣ የማን ንብረት የማን እንደሆነ በምን ያውቃሉ? ማንም አልነገራቸውም። አባባ በኋላ ያሉኝ ይህን ነበር፦ ማታ ሲደርሱ መጀመሪያ ዘበኛውን ሰላም ማለት፣ ፊትን በብርሃን ማሳየት፣ "አባቴ፣ ይኼ ሞተር የእኔ ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም ይዞት አይውጣ፤ እኔ የምወጣው 12 ሰዓት ላይ ነው" ማለት። ከጉርሻውም ግማሹን ማታ፣ ግማሹን ጠዋት ሞተሩን ይዞ ሲወጡ መስጠት። ይኼ ከሰንሰለቱ እኩል ይሠራል ባይ ናቸው፤ እኔም አምኜበታለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ፖሊስ ጣቢያው። ሲነጋጋ ደረሱ። ተረኛው ፖሊስ መልካም ሰው ነበር፤ ታርጋ፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር ጠየቃቸው። ጓደኛው የሚያውቀው ታርጋውን ብቻ ነው። ታርጋ ደግሞ በሁለት ብሎን ይፈታል፤ ማንነቱ ሻንሲው አንገት ላይና ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ነው። "ሊብሬው የት አለ?" ቢሉት ሊብሬው ወንበሩ ሥር ነበር፤ ከሞተሩ ጋር ሄዷል። ለሌባው ዕቃውንም ደረሰኙንም አብረው የሰጡት ያህል ነው። ኮፒ እናቱ ዘንድ አለ ብሎ አሰበ። ስለዚህ እናቱ ሳትሰማ እንዲያልፍ ያሰቡት ነገር አልሆነም።

እኔን ላኩኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቷ ሄድኩ። ምጣድ ላይ ነበረች። በዚያ ሰዓት ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። "ሞተሩን ሌባ ወሰደው" ብዬ ገና ሳልጨርስ፣ ማሰሻውን እንደያዘች፣ "ልጆቹስ? ልጆቹ ደህና ናቸው?" አለችኝ።

ልጆቹ ነው ያለችው። የእኔንም ጨምራ።

"ደህና ናቸው" አልኳት። ተቀመጠች። ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ እስኪያር ሁለታችንም አላወቅንም።

ኮፒውን ስንፈልግ ረፈደ። ከግብር ወረቀት፣ ከክትባት ካርድ፣ ከሟች ባሏ የጡረታ ደብዳቤ ጋር ተደባልቆ ከአንድ ሳጥን ሥር ሲገኝ 5 ሰዓት ሊሆን ነበር። ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ሌባው ግን ከ10 ሰዓት ሌሊት ጀምሮ በመንገድ ላይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የሞተር እንቅስቃሴ ከተገደበ ወዲህ የሥራ ሞተሮች ጂፒኤስ እንዲኖራቸው ስለሚፈለግ የእሱም ነበረው፤ ከወንበሩ ሥር፣ ከባትሪው ጋር ተያይዞ፣ እጅ እንደገባ የሚገኝ ቦታ። የመጨረሻው ነጥብ ከከተማው መውጫ ላይ ቀረ። ገመዱን ቆርጦታል። የራሱ ባትሪ ያለውና ወንበር ሲነሣ በቀላሉ የማይታይ ቢሆን ኖሮ ምናልባት...

እናቱ አንድ ተስፋ ነበራት፦ "ኢንሹራንስ ከፍያለሁ እኮ።" የከፈለችው ሦስተኛ ወገን ነው። እሱ ሞተሩ ሰው ቢገጭ ለተገጨው ነው፤ ለስርቆት አይከፍልም። ስርቆትን የሚይዘው ሰው በፈቃዱ ከፍ አድርጎ የሚገባው ነው። ይህን ለእሷ ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ የሳምንቱ ሁሉ ከባዱ ሥራ እሱ ነበር። እናንተ ልጃችሁ ኢንሹራንስ አለኝ ሲላችሁ የትኛው እንደሆነ ወረቀቱን አይታችሁ እመኑ።

ያን ጠዋት ከዚያ ቤት ስወጣ ለራሴ ያልኩት፣ እኛ ቤት የምንቀር ወላጆች የምንሠራው ሥራ እንዳለን ነው። አብረናቸው አናድርም፣ ሰንሰለት አናስርላቸውም። ግን የሊብሬውን ሁለት ገጽ፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር፣ ሞተሩን በቀኝና በግራ፣ ያለውን ጭረት ሳይቀር ፎቶ አስነሥተን ስልካችን ላይ መያዝ እንችላለን። እኔ አሁን የልጄን ይዣለሁ፤ የትኛው ፎቶ የት እንዳለ ደግሞ እንደ መዝሙረ ዳዊት በቃሌ ነው። ትርፍ ቁልፉም እቤት ነው። ልጄ ሊብሬውን ከሰውነቱ ጋር ይዞ ይንቀሳቀሳል፤ ወንበር ሥር የለም። ሄልሜቱ ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋው አጠገብ ያድራል።

ሌላም አለ። ልጆቹ መንገድ ላይ በየደረሱበት ቪዲዮ እየቀረጹ ይለቁ ነበር፤ ፔንሲዮኑን ከነስሙ፣ ሞተሮቹን ከነታርጋቸው። ሌባው ከዚያ ይየው አይየው ማወቅ አይቻልም። ግን "ዛሬ እዚህ ነው የምናድረው" ብሎ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ማወጅ ምን ይሉታል? ከከተማው ከወጡ በኋላ ቢለቁት ምን ይጎድላል? ደግሞ ነዳጅ ሲቀዱ ወይም መንገድ ሲጠይቁ ቁልፉን ሞተሩ ላይ ትተው መውረድ ልማዳቸው ነበር፤ አንድ ደቂቃ ነው ይላሉ። ሌባ የሚፈልገው አንዷን ደቂቃ ነው።

አባባ አሁንም በካንዴላው ቆብ ይምላሉ። የሰፈራችን ሜካኒክ ደግሞ ሌላ ብልሃት ነገረን፤ ከሰልባትዮው ሥር ያለችውን የቤንዚን መዝጊያ ዘግቶ ማደር። ሌባው ሞተሩን ካስነሣው ካርቡሬተሩ ውስጥ በቀረችው ጥቂት ቤንዚን ትንሽ መንገድ ይሄዳል፣ ከዚያ ይጠፋበታል፤ ምክንያቱን በጨለማ እስኪያገኝ ጥሎት የመሸሽ ዕድል አለ። እየገፋ ለሚወጣ ወይም መኪና ላይ ለሚጭን ሌባ ግን ቆቡም መዝጊያውም አይመልሱም። ስለዚህ እነዚህ ከሰንሰለቱ ቀጥሎ እንጂ በሰንሰለቱ ፋንታ አይደሉም።

ልጆቹ አርባ ምንጭ አልደረሱም። ለሁለት ቀን ከተማ ለከተማ ፈልገው ሲያጡ በአንድ ሞተር ተፈናጠው ተመለሱ። እስከ ዛሬም አልተገኘም። አመሻሽ ላይ ግቢያችን ሲገቡ አባባ በረንዳው ላይ ነበሩ። ይቆጣሉ ብዬ ሠግቼ ነበር። ከሻንጣው ጎን የተንጠለጠለውን ሰንሰለት እያዩ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ለሁለት አይደርስም ነበር?"

ልጄ አንገቱን ደፋ። "ይደርስ ነበር፣ አባባ።"

"አይ፣ ሜትሩን አሳስቼ እንዳይሆን ብዬ ነው" አሉና ገቡ።

ያን ማታ ልጄ ሳልጠይቀው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "እማዬ፣ ሞተሩን ለሁለት ልንሠራበት ነው" አለኝ። ፈቃዴን ሊጠይቅ አይደለም፤ ሊነግረኝ ነው። የገዛሁት እኔ ነኝ ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ስልክ ላይ ያልኩት "ተመስገን" ትዝ አለኝና ተውኩት።

አሁን ጠዋት ልጄ ይሠራበታል፣ ከሰዓት በኋላ ጓደኛው። ገቢው በእርግጥ ቀንሷል፤ በዚህ የኑሮ ውድነት አያመኝም ብል እዋሻለሁ። እኔና እናቱ ደግሞ ከጎረቤት ስምንት ሴቶች ሆነን አዲስ እቁብ ጀምረናል፤ የመጀመሪያው ዕጣ የእሷ እንዲሆን ተስማምተናል። እስከዚያ ሞተሩ አንድ ሳምንት እኛ ግቢ፣ አንድ ሳምንት እነሱ ግቢ ያድራል። ሰንሰለቱም አብሮ ይሄዳል።